ጢም ያለው ይመርቅ

«ወራጅ አለ» ማለት የማይችል ሰው ታክሲ መሳፈር አልነበረበትም። እኔ ግን ቤቴ ከሥራዬ ሩቅ ስለሆነ እሳፈራለሁ። ዘዴ አለኝ። ስገባ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፤ በስልክ የሚጮኽ ወይም ከረዳቱ ጋር በመልስ የሚጨቃጨቅ ሰው ካገኘሁ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ ይህ ሰው እኔ በምወርድበት በፍራንኮ ሰፈር እንዲወርድ እጸልያለሁ። እሱ ጮኾ ሲያስቆም እኔም በእሱ ጩኸት እወርዳለሁ። ጸሎቴ ካልሰመረ እስከ መጨረሻው ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አዳማ ላይ በእግር መመለስ ደግሞ ከነፋስ ጋር ትግል መግጠም ነው፤ ያውም በታኅሣሥ፣ ነፋሱ አቧራውን ሁሉ አስከትሎ በሚመጣበት ወር።

ዓይን አፋርነቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሁሩታ ሳድግ ሰዎች «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ይሉኝ ነበር። አገር ማጥፋቱ ቀርቶብኝ ሻይ ቤት ገብቼ ስኳር ጨምሩልኝ ማለት እንኳ አልችልም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆምኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእንግዲህ ተነስተሽ አንብቢ የሚለኝ የለም ብዬ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምሠራው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው፣ በጽዳት። ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ክፍሉን እወለውላለሁ፣ ሽንት ቤቱን አጥባለሁ። ሽንት ቤቱ ስድስት መቀመጫ አለው፤ ልጆቹ ግን ሰባተኛ ቦታ አያጡም። ወገቤ ከዕድሜዬ በሃያ ዓመት ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ትልቅ ሰው ፊት የሚጠፋው ድምፄ እነሱ ዘንድ አይጠፋም፤ መጥረጊያዬን አቁሜ ተረት ስነግራቸው የሰማ ሰው ግን የለም፤ ሰው ሲመጣ አቆማለሁና።

ባለፈው ኅዳር የትንንሾቹ ክፍል ሞግዚት አግብታ ቡልቡላ ገባች። ቦታዋ ክፍት ሆነ። ሞግዚት ማለት ልጆቹን የምታበላ፣ የምታስተኛ፣ አፍንጫ የምትጠርግ ናት። ሽንት ቤት አታጥብም። እኔ በሕይወቴ ሥራ ተመኝቼ ካወቅሁ ያንን ሥራ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቃላቱን ስለማመድ ቆይቼ የዳይሬክተሯን የወይዘሮ ሰብለን ቢሮ አንኳኳሁ። «አቤት» አሉ። ገባሁ። የቆሻሻ ቅርጫታቸውን አንስቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ መምህርት ትዕግሥት ስለ እኔ ሄዳ ነገረችልኝ። ትዕግሥት የትንንሾቹ ክፍል አስተማሪ ናት፤ አፏ የተፈታ፣ ለእኔም የምትተርፍ። ወይዘሮ ሰብለ ክፋት የለባቸውም፤ ነገሩን አሰቡበት። ከዚያ እኔኑ አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም። ልጅ ወደ መንገድ ቢሮጥ በምን ትጠሪዋለሽ?» አሉኝ። እንዴት እንደምጠራው በልቤ መለስኩላቸው። ከአዲስ አበባ አንዲት እንግሊዝኛ የምትናገር ሞግዚት ሊያመጡ እንዳሰቡም ሰማሁ። ከገና በኋላ ነው የሚወሰነው ተባለ።

እንግዲህ ወደ መከራዬ ልግባ።

ወይዘሮ ሰብለ ገና ሲቃረብ አዲስ አበባ ሄደው አንድ ትልቅ ፌስታል ይዘው መጡ። ከውስጡ ቀይ ካፖርት፣ ቀይ ሱሪ፣ ጫፉ ላይ ጥጥ የተንጠለጠለበት ቆብና እስከ እምብርት የሚደርስ ነጭ ጢም ወጣ። የገና አባት ነው። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አላቸው፣ እኛ ለምን ይቀርብናል አሉ። ካፖርቱን ስነካው ከሙቀቱ እጄን አላበኝ። ለበረዶ አገር የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኛ ደግሞ ከተማችን በረዶ የምታየው ሆቴል ቤት፣ ብርጭቆ ውስጥ ነው።

ልብሱን እንዲለብሱ የታሰቡት ዘበኛችን ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ዕድሜያቸውም ይስማማል፣ ልጆቹም ይወዷቸዋል። በየማለዳው በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ አናቱን ዳስሰው «ጉደዳ» ይሉታል፤ እደጉ ማለታቸው ነው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው «አሜን» ሳይሉ አይገቡም። ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም በዚያ በር በጉደዳ ነው የሚገባው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ኦቦ ገመቹ መጀመሪያ እሺ ብለው ነበር። የበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ ግን፣ ወላጆች ግቢው ውስጥ በተተከለው ሸራ ሥር መቀመጥ ሲጀምሩ፣ ይህ ሰው ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሰብለ እየተቻኮሉ አስረዷቸው፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ይመጣል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ በጭስ ማውጫው ሾልኮ ይገባል፣ ልጆቹ ክፍል ገብቶ ስጦታ አስቀምጦ ሳይታይ ይሄዳል። ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ዳይሬክተር» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔን የቀጠራችሁኝ እንዲህ ያለውን ሰው እንዳስቆም ነው።»

ይዞ ይገባል እንጂ ይዞ አይወጣም ቢባሉም አልሰሙም። በጣሪያ የገባ ሰው ምን ይዞ እንደወጣ የሚታወቀው ሲነጋ ነው አሉ። ደግሞም ጢም አለኝ፣ ጢም ላይ ጢም ምን ይሠራል አሉ። «ሆ፣ ሆ፣ ሆ» ማለት አለበት የሚለውን ሲሰሙማ ጭራሽ ሳቁ፤ ሆ ማለት የብዙ ሰው ሥራ ነው፣ ሰው ብቻውን ሆ ካለ ዘመድ ይጠራለታል ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ ሰብለ ልብሱን ታቅፈው ግቢውን በዓይናቸው ቃኙ። አስተማሪዎቹ ልጆቹን ይዘዋል። ወንድ የለም። እኔ ጥግ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜአለሁ፤ ቁመቴ ደግሞ እግዜር ሲሰጠኝ ዓይን አፋርነቴን ሳያማክር ነው የሰጠኝ፣ ረጅም ነኝ። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ መጥረጊያው ቢውጠኝ በወደድኩ።

«አንቺ ብትጠፊ ማንም አይፈልግሽም» አሉኝ። ለማበረታታት ነው ያሉት። «መናገር የለብሽም። ዝም ብለሽ ከረሜላውን ታድያለሽ። ዝም ማለትን ደግሞ ታውቂበታለሽ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ ዝግጅት ወላጅ ፊት ሳይበላሽ ካለፈ የሞግዚቷን ነገር አስብበታለሁ፣ ማንነትሽን ግን ማንም እንዳያውቅ አሉ።

እምቢ ማለትም መናገር ይፈልጋል። ስለዚህ ለበስኩ።

ያለበሰችኝ ትዕግሥት ናት፣ ዕቃ ቤት ውስጥ። የገና አባት ሆድ ያስፈልገዋል አለችና ከልጆቹ መኝታ ክፍል ትራስ አምጥታ ካፖርቱ ውስጥ ወተፈችልኝ። ትራሱ ዳክዬ የተጠለፈበት ነው። የማን እንደሆነ ባላውቅም በቀን እንቅልፍ ሰዓት የሚያመልጠው ልጅ እንደሆነ አፍንጫዬ ነገረኝ። ጫማ የለም፤ የኦቦ ገመቹን የዝናብ ቦቲ ተዋስን። ስለሰፋኝ ጨርቅ ጠቅጥቀን እግሬን ከጫማው ጋር አስታረቅነው። ጢሙ በላስቲክ ከጆሮ ጆሮ ይታሰራል። ጥጡ አፌ ውስጥ ይገባል። የጾም ቀን ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ መጀመሪያ የቀመስኩት የገናን አባት ጢም ነው።

በራሴ እግር ግቢ ውስጥ ብመላለስ ኖሮ እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን የገና አባት በእግሩ አይመጣም ተባለ። በአጋዘን በሚጎተት ነገር ነው የሚመጣው። አጋዘን ስለሌለን ትዕግሥት የፈረስ ጋሪ ይሁን ብላ ነበር፤ ወይዘሮ ሰብለ ጋሪ ደረጃችንን ያወርዳል ብለው ባጃጅ ተኮናተሩ። ባጃጇ ፊኛ ታስሮባት በጓሮ በር ቆማለች። እኔንና በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ የከረሜላ ማዳበሪያ ጫኑባት። ወይዘሮ ሰብለ ለሹፌሩ፣ በአስፋልቱ ወጥተህ በቀጣዩ መታጠፊያ ዞረህ በዋናው በር ትገባለህ፣ መታጠፊያውን እሳቸው ይነግሩሃል አሉት። እሳቸው እኔ ነኝ።

መታጠፊያው ደረሰ። አፌን ከፈትኩ። ጥጥ ገባ። መታጠፊያው አለፈ።

በእጄ ላሳየው ሞከርኩ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝና ለሕዝቡ ሰላምታ የምሰጥ መሰለው። «እንዲህ ነው ፋዘር» አለኝ፣ ሙዚቃውን ከፍ አደረገና እሱም ላገኘው ሁሉ እጁን ያወዛውዝ ጀመር። ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት፤ ፍጥነት ጨመረ። ሁለተኛው መታጠፊያም አለፈ። የሚያውቁኝ ሱቆች አለፉ። ሁሌም ከታክሲ የምወርድበት፣ ማለትም ልወርድበት የምፈልገው ቦታ አለፈ። አዳማን በባጃጅ ስትዞሯት ትልቅ ናት።

ገበያው አጠገብ አንዲት ሴትዮ በአንድ እጃቸው ዶሮ፣ በሌላው ዘንቢል ሙሉ ሽንኩርት ይዘው አስቆሙት። በመንገዳችን ነው ብሎ ጫናቸው፤ እኔ መንገዳችን የት እንደሆነ የማውቅ ብቸኛዋ ሰው ሆኜ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ቀይ ለባሽ ሽማግሌ ከፊኛ ጋር ማየታቸው አላስደነቃቸውም። በዓል ሲደርስ ሰው የማይሆነው የለም።

«አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አሉና ተቀመጡ። ዶሮዋን ጭናቸው ላይ፣ ዘንቢሉን ቦቲዬ ላይ አደረጉ። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ነገሩኝ፤ ስለ ዶሮዋ ነገሩኝ፤ ስለ ምራታቸው ነገሩኝ። ዶሮዋ የጢሜን ጫፍ እየነቀለች ትሞክረዋለች። ደጃፋቸው ሲደርሱ ወርደው ወዲያው አልሄዱም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «በሉ እንግዲህ ይመርቁኝ» አሉ።

ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ጠበቁ። ደግሜ ነቀነቅሁ። እጃቸው እንደተዘረጋ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

«ጢም ይዞ ምርቃት መንፈግ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለዶሮዋ። ወደ ቤታቸው ገቡ። ሹፌሩም በመስተዋቱ በቅሬታ አየኝ። «ፋዘር፣ ምን ነበረበት?» አለኝ።

እውነት ነው፣ ምን ነበረበት? እኛ አገር ዕድሜ ባዶ እጁን አይሄድም። ሽማግሌ ካለ ምርቃት አለ፤ የሚመረቀው ሰው አሜን ይላል፤ አሜን ከተባለ ነገሩ ታሰረ፣ ማንም አይፈታውም። ያ ልብስ የተሰፋበት አገር ሽማግሌ የሚጠበቅበት አሻንጉሊት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ከንፈሬ ላይ ደርሶ እንደ ውሃ ቧንቧችን አየር ብቻ ሆነ።

ሹፌሩ በመጨረሻ መንገዱ እንደጠፋብን ተረድቶ መንገደኛ እየጠየቀ መለሰኝ። ግቢው ስንደርስ የሸራው ጥላ ከልጆቹ ላይ ሸሽቷል። ግማሾቹ ተኝተዋል፤ ግማሾቹ ያለቅሳሉ። ወላጆች ሰዓታቸውን ያያሉ። የወይዘሮ ሰብለን ፊት ባላየው ይሻለኝ ነበር፤ ጢሙ አፌን እንጂ ዓይኔን አልሸፈነውም። ሞግዚትነቴ በሁለት መታጠፊያ እንዳለፈች ገባኝ።

ላቡ ከቆቡ ሥር ይወርዳል። ማዳበሪያዬን ጎትቼ ልጆቹ ፊት ቆምኩና ከረሜላ ዘረጋሁ። ልጅ ሲባል ከረሜላ ይሻማል ብዬ ነበር። አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። ከዚያ የፊተኛዋ ልጅ፣ ሰሚራ፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ መጣችና አናቷን ጎንበስ አድርጋልኝ ቆመች። ከኋላዋ ሌላው ተሰለፈ። ከእሱ ኋላ ሌላው። ሁሉም አናታቸውን ደፍተው ጠበቁ። በነጭ ጢም ሥር ማለፍ የሚቻለው በምርቃት እንደሆነ ነው የሚያውቁት፤ በየማለዳው በር ላይ የተማሩት እሱን ነው።

ወይዘሮ ሰብለ ከጎኔ «ሆ ሆ በይ፣ በቃ ሆ ሆ በይ» እያሉ ይንሾካሾካሉ። ሦስት ቀን ስላልተለማመድኩት እንጂ እሱንም ባልኩ ነበር።

በዚህ መሐል ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት፣ የአንዱ ልጅ አያት፣ ተነሱ። ቀይ ቀሚስ የመሰለ ልብስ፣ ጢም፣ ቆብ አይተዋል። ዓይናቸው ደግሞ ሩቅ አያይም። ጫማቸውን አውልቀው መጥተው ጉልበቴን ሳሙና፣ አባታችን የየትኛው ገዳም ናቸው ብለው ትዕግሥትን ጠየቋት። ትዕግሥት፣ ያቺ አፏ የማይዘጋው ትዕግሥት፣ ዝም አለች። አሮጊቷ ወደ ወላጆቹ ዞረው፣ «ምን ትቀመጣላችሁ? አባታችን ሊመርቁን ነው» አሉ። ወላጆቹ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ በእውነት ተነሱ። ከመሐላቸው ሙስሊሙ የሰሚራ አያትም ኮፍያቸውን አስተካክለው መዳፋቸውን ከፈቱ። በሩ ላይ ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

ያን ሁሉ የተዘረጋ እጅ ስታዩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ትላላችሁ። መሬቷ ኮንክሪት ናት፤ ራሴው ነኝ የወለወልኳት። የቄስ ቡራኬ አልደፍርም፣ ኃጢአት ነው ብዬ አሰብኩ። የሽማግሌ ምርቃት ግን ክህነት አይጠይቅም። ሁሩታ እያለሁ አያቴ አጨዳ ሲያልቅ አውድማው ላይ ቆመው ሲመርቁ፣ እኔ ከነዶ ክምር ኋላ ተደብቄ ከእሳቸው እኩል በሹክሹክታ እል ነበር። ሁሉንም አውቀዋለሁ።

አፌን ከፈትኩ። ጥጡና የመንገዱ አቧራ ጉሮሮዬ ላይ ተገናኙ። ከውስጤ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ የጎረነነ፣ የሻከረ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ድምፅ ነው።

«እደጉ» አለ ድምፁ።

«አሜን» አሉ ልጆቹ።

«እንደ ሁሩታ ስንዴ ዛላችሁ ይሙላ።»

«አሜን።»

«በወጣችሁበት በር በሰላም ግቡ። ወላጆቻችሁን ጡሩ።»

«አሜን» አሉ ወላጆች፤ የሰሚራ አያት «አሚን» አሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እስቲ አስቡት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር የሰማኝ የለም፣ አሁን በእያንዳንዱ ቃሌ ግቢ ሙሉ ሰው አሜን ይለኛል። ለካ ሰው የሚናገረው ለዚህ ኖሯል። ቀጠልኩ። የቧንቧው ውሃ ሰው ባልተኛበት ሰዓት ይምጣላችሁ አልኩ፤ አሜኑ ከፍ አለ። ነፋሱን ለእህል ማዝሪያ ያድርገው፣ ከዓይናችሁ ያርቀው አልኩ። የሽንኩርቱን ዋጋ ያብርደው ስል ከእናቶች በኩል የመጣው አሜን ፊኛዎቹን አወዛወዛቸው። ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ለማያፈስ ልብ ይስጠው አልኩ። የዚህን ግቢ ጠራጊ ወገብ ያጽናልን አልኩ። ሁሉም አሜን፣ አሜን።

«ሞግዚት ላጣው ክፍልም» አለ የሽማግሌው ድምፅ፣ እኔ እንኳ እየሰማሁት ደነገጥኩ፣ «ከሩቅ ሳይሆን ከዚሁ ግቢ ሞግዚት ይስጠው።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ። ከጎኔ የወይዘሮ ሰብለም አሜን ተሰማኝ፤ ለምደውት ከአፋቸው አመለጣቸው።

እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ልጨርስ ስል ቀበቶው ላላ። ሆዴ ሲንሸራተት ይታወቀኛል። ልይዘው ጎንበስ አልኩ፤ ይሄኔ ትራሱ በካፖርቱ ሥር ሾልኮ ቦቲዎቼ መሐል ዱብ አለ። አሮጊቷ ቀረብ ብለው አዩትና፣ «አባታችን ተገላገሉ» አሉ።

ሰሚራ ዳክዬውን አወቀችው። «ትራሴ» አለች፣ አነሳችው፣ ቀና ስትል ደግሞ ጎንበስ ካልኩት ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ዶሮዋ የላጨችው ጢም ብዙ የሚደብቀው አልነበረውም። «እትዬ ናት» አለች። «ተረት የምትነግረን እትዬ ናት።»

እንግዲህ ሽሽት ያምረኛል፤ ግን በዚያ ቦቲ ማን ይሸሻል። ቆሜ ቀረሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። አሮጊቷ ጉልበት የሳሙበትን አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ወይዘሮ ሰብለ ቀልተው፣ ወላጆች ይቅርታ፣ የሆነው ሁሉ ጨዋታ ነው፣ ምርቃቱም አይቆጠር ማለት ጀመሩ።

«ላኪ፣ አይሆንም» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ከበራቸው ተነስተው፣ ዱላቸውን እያስቀደሙ ቀስ ብለው እስከ መሐል መጡ። ጢሜን አዩት፣ ቦቲያቸውን አዩት።

«ዳይሬክተር፣ ማን መረቀ አይባልም። አሜን ተብሏል ወይ ነው የሚባለው» አሉ። «ስለ ውሃው ያልነው ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ስለ ልጆቹስ?»

እናቶቹ ተያዩ። የልጄ ምርቃት አይቆጠር የሚል ወላጅ አይገኝም። የሰሚራ አያት ይቆጠራል እንጂ አሉ። አሮጊቷም ትንሽ አስበው፣ እኔ አሜን ያልኩት ለእሷ ሳይሆን ለላይኛው ነው፣ ያልኩትን አልመልስም አሉ።

«እንግዲያው ሁሉም ይቆጠራል» አሉ ኦቦ ገመቹ። «የሞግዚቷም። ዳይሬክተር፣ እርስዎም አሜን ብለዋል። ሰምቻለሁ።»

ወይዘሮ ሰብለ እኔን አዩኝ፤ ወላጆቹን አዩ። ብዙ ነገር ሊሉ ይችሉ ነበር። ግን እሳቸውም ያደጉት እዚሁ አገር ነው። «ድምፅስ አላት» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ እኔው ደክሟቸው። ልጆቹም ይህን ጊዜ ከረሜላውን ወሰዱ።

ከገና በኋላ ሞግዚት ሆንኩ። መልካም አለቀ ትሉ ይሆናል። አላለቀም። ልጆቹ አሁን በር ላይ በኦቦ ገመቹ ጉደዳ ከገቡ በኋላ እኔ ክፍል በር ላይ ደግመው ይሰለፋሉ። ሳልመርቃቸው ጫማ አያወልቁም፣ ሳልመርቃቸው ምሳ ዕቃ አያስከፍቱም፣ ሳልመርቃቸው አይተኙም። ያውም በገዛ ድምፄ አይቀበሉም፤ በሽማግሌው ድምፅ ካልሆነ «እሱ አይደለም» ይሉኛል። ጉሮሮዬ ቆስሏል። ወገቤ ተሽሎት ድካሙ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። ኦቦ ገመቹ ደግሞ በመስኮት ያዳምጡኝና ማታ ስወጣ ያርሙኛል። «ዛሬም ዝናቡን ረሳሽ» ይሉኛል። «ዝናብ የሌለው ምርቃት ምን ምርቃት ነው?»

ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ የሚጮኽ ሰው አጥቼ ዝም ካሉ ሰዎች መሐል ተቀመጥኩ። ነፋሱ ውጭ ያፏጫል። ፍራንኮ ሲቃረብ በእግር መመለሱ ታየኝ፣ ደከመኝም። እንደለመድኩት ሞከርኩ፤ ድምፄ የለም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን የሽማግሌ ድምፅ ጠራሁት።

«ወራጅ አለ» አለ።

ታክሲው ቀጥ አለ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደና እጁን ለድጋፍ ዘረጋ። «ቀስ ይበሉ አባባ፣ ቀስ» አለ ወደ ውስጥ እያየ። እኔ በተዘረጋው እጁ ሥር አቀርቅሬ ወረድኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ ዞር ስል ታክሲው እዚያው ቆሟል፤ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም ሽማግሌው እስኪወርዱ በትዕግሥት እየጠበቁ ነው።